ግማሽ ዕጣ ግቡ
(ለማታው መርሐ ግብር የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ተማሪዎች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ?

ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ግማሾቻችሁ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ነው የደረሳችሁት። ምሳ ከበላችሁም ቆይቷል። ስለዚህ "ትልቅ አልሙ" የሚል ንግግር አላዘጋጀሁም። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ውስጥ የምትቀመጥ ሴት ስለ ሕልም ከእኔ የምትማረው የለም። ሕልሙማ አለ። የቸገረን ሕልሙ ዛሬ ማታ ምን እንደምንሠራ አለመንገሩ ነው።

ዓመቱ ሲጀመር ተማሪዎቼን "የዘንድሮ ዕቅዳችሁ ምንድን ነው?" ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነው። መልሱ ሁሌም ያምራል። ዲግሪዬን መያዝ። እንግሊዝኛዬን ማሻሻል። የራሴን ሥራ መጀመር። የመውጫ ፈተናውን ማለፍ። ከዚያ አንዱን ጠጋ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

"ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ ምን ትሠራለህ?"

"አነባለሁ፣ መምህር።"

"ምን ታነባለህ?"

"ያው... ለፈተናው።"

"የትኛውን ኮርስ?"

ፈገግ ይላል። ወሬያችን እዚያው ላይ ያልቃል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ዕቅዱ ነው ምንም የማያዘው። "ፈተናውን ማለፍ" ቤት ገብቶ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ማንም ሰው ከእራት በኋላ ተነስቶ ፈተና ማለፍ አይችልም። ተነስቶ የኮስት አካውንቲንግን ሁለተኛ ምዕራፍ መክፈት ግን ይችላል።

ዕቅድ በማውጣት በኩል እንኳ እኛን የሚያህል የለም። መስከረም 1 አንድ ዙር እናወጣለን። ታኅሣሥ ላይ ፈረንጆቹ ዓመት ሲቀይሩ ሌላ ዙር እንደግማለን። ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የቀረውን እንጨምርበታለን። ይህን የሰማ ሽማግሌ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለናል። እውነቱን ነው። ግን እንቁላሉ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ተረቱ አይናገርም።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዕቁብ የምትጥሉ እጃችሁን አውጡ።

እንደጠበቅሁት ነው፤ አመሰግናለሁ፣ አውርዱ።

ዕቁብ ውስጥ ያለ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ "ዛሬ ልጣል ወይስ ልተው?" ብሎ አይጨነቅም። ደስ ብሎት እንደሆነ፣ ተነሳሽነት ተሰምቶት እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ብሩ 1,000 ነው። ዳኛው እከሌ ነው። አለቀ። ያንኑ ሰው ግን "በራስህ በየሳምንቱ 1,000 ብር ባንክ አስገባ" በሉት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የልጅ ጫማ ይመጣል፣ አራተኛው ላይ ለቅሶ። ሰውየው ያው ነው፤ ገቢውም ያው ነው። የተለየው አሠራሩ ብቻ ነው።

30 ሰው በሳምንት 1,000 ብር ሲጥል፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው 30,000 ብር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዚያን ሳምንት ከኪሱ ከ1,000 ብር በላይ ያወጣ የለም። በዚህ ገንዘብ ፍሪጅ የገዛ አለ፣ ሱቅ የከፈተ አለ፣ የኮሌጅ ክፍያ የከፈለም አለ። የመጨረሻው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንደሚገኝ እጠረጥራለሁ።

ከዕቁብ ሕግጋት ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ግማሽ ዕጣን ነው። ሙሉ ዕጣ የከበደው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ግማሽ ግማሽ ይገባል። ማንም አይስቅበትም። ዳኛውም "ይህ ሰው ቁም ነገረኛ አይደለም" አይለውም። ዳኛውን የሚያሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው በክፉ ሳምንትም መጣል ይችላል ወይ? ደመወዝ ዘግይቶ፣ ልጅ ታሞ፣ ኪራይ ተጨምሮ?

ትምህርት ላይ ስንመጣ ግን ሁላችንም ሙሉ ዕጣ ካልገባን እንላለን። "ከነገ ጀምሮ በቀን 3 ሰዓት አነባለሁ።" ይህ በጥሩ ሳምንት የወጣ ዕቅድ ነው። ጥሩ ሳምንት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ። ሐሙስ መብራት ይጠፋል። ዓርብ የሂሳብ መዝጊያ ነው፣ አለቃ ያስመሻል። ቅዳሜ ሠርግ አለ። እሑድ ስትነሱ 3 ሰዓቱ የለም። ይባስ ብሎ በሦስቱም ቀን ልታነቡት ትችሉ የነበረው 20 ደቂቃ አብሮት ሄዷል።

እስኪ ሁላችሁንም እንቅልፍ የሚነሳውን የመውጫ ፈተና እንውሰድ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ተማሪ፣ ከመንግሥትም ይሁን ከግል ተቋም፣ ይህን ፈተና ይፈተናል። ለማለፍ ከመቶ 50 ማምጣት አለበት። የሚያስፈራን ለምን ይመስላችኋል? ጥያቄዎቹ ሁሉ ከባድ ስለሆኑ አይመስለኝም። የብዙ ዓመት ትምህርት በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የተማራችሁት ኮርስ ሃንድአውቱ የት እንደገባ አታውቁም። ቴሌግራም ላይ "ኤግዚት ኤግዛም" የሚል ቻናል ትከፍታላችሁ። የፋይል መዓት ይመጣል። ትዘጉታላችሁ። ቲክቶክ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው።

ስሙን እንተወውና እንቆራርጠው። ፈተናው የሚያካትታቸው ኮርሶች ዝርዝር አስቀድሞ ይታወቃል። 15 ናቸው እንበል። ጥቅምት መግቢያ ላይ ነን። እስከ ሰኔ መግቢያ 8 ወር አለ። የእኛ ወር ለሂሳብ ይመቻል፤ ከጳጉሜ በቀር ሁሉም 30 ነው። 240 ቀን ማለት ነው። ለ15 ስናካፍለው ለአንድ ኮርስ 16 ቀን ይደርሰዋል።

አንድ ኮርስ ስድስት ወይም ሰባት ምዕራፍ ቢኖረው፣ ለአንድ ምዕራፍ ሁለት ቀን ስጡት። አንዱን ቀን አንብቡ፤ ሌላውን ቀን ጥያቄ ሥሩ። የሚተርፉት ቀኖች ለለቅሶው፣ ለሠርጉና ለመብራቱ ናቸው። እነዚህን ቀኖች በዕቅዳችሁ ውስጥ ማስገባት አትርሱ። እንደሚመጡ እያወቅን እንደ ድንገተኛ እንግዳ ስንቀበላቸው ዓመታት አልፈዋል።

በቀን ስንት ደቂቃ? እኔ 20 እላለሁ። ሳቃችሁ ተሰማኝ። 20 ደቂቃ በ240 ቀን 80 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 80 ሰዓት ማለት አሥር ሙሉ የሥራ ቀን ነው። አለቃችሁ ለጥናት አሥር ቀን ፈቃድ ይሰጣችኋል? የእኔ አይሰጠኝም።

20 ደቂቃ ይበቃል አላልኩም። 20 ደቂቃ ግማሽ ዕጣችሁ ነው፤ በክፉ ቀንም የማይቀረው ማለቴ ነው። ቀኑ ከተመቻችሁ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም አንብቡ፤ ከልካይ የላችሁም። ብቻ የትናንቱን ሁለት ሰዓት የዛሬ ዕዳ አታድርጉት። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ያነባል። በማግሥቱ "በ20 ደቂቃ ምን ሊሠራ?" ይልና መጽሐፉን አይነካውም።

ሥራው ራሱ ጥርት ያለ ይሁን። "አነባለሁ" ገና ደመና ነው። "ከገጽ 31 እስከ 36 አንብቤ አምስት ጥያቄ እሠራለሁ" ግን ሥራ ነው። መጀመሩም ማለቁም ይታወቃል። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ሃንድአውቱን ገጹ ላይ ከፍታችሁ ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ "የት ነበርኩ?" ብላችሁ መፈለግ አይኖርባችሁም። የፍለጋዋ አምስት ደቂቃ ናት ስልክ የምታስነሳው።

የት እና መቼ የሚለውንም ወስኑ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት አለ። ፒተር ጎልቪትዘር የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረባው ተማሪዎችን አንድ ነገር ጠየቁ፤ የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፋችሁ ጽፋችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ላኩልን። በገና! ሰው ቤተሰቡ ዘንድ በሚበላበትና በሚጠጣበት ሰዓት። ለግማሾቹ ተማሪዎች ብቻ አንድ ነገር ጨመሩባቸው፤ የት ቁጭ ብላችሁ፣ መቼ እንደምትጽፉ አሁኑኑ ወስኑ። ወስነው ከሄዱት መካከል ጽፈው የላኩት ሳይወስኑ ከሄዱት ከእጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። ያወጡት ተጨማሪ ገንዘብ የለም፤ የተሰጣቸው ምክርም የለም። ቦታና ጊዜ ብቻ ነው የወሰኑት።

ለእኛ ቤት ከሰዓት ይልቅ ድርጊት የሚሻል ይመስለኛል። እራት አንድ ቀን በ3 ሰዓት፣ ሌላ ቀን በ5 ሰዓት ሊበላ ይችላል። "እራት ተበልቶ ሰሃን እንደታጠበ" ካላችሁ ግን እራቱ በመጣበት ሰዓት ጥናቱም ይመጣል። ሹፌር የሆናችሁ ተራ ስትጠብቁ ይሁን። ጥበቃ ላይ ያላችሁ ለሌሊቱ ተረኛ እንዳስረከባችሁ ይሁን።

ሌሎቹን ግቦች ቶሎ ልለፋቸው፤ መንገዱ ያው ነውና። እንጀራ ለካፌዎች ማቅረብ እፈልጋለሁ ያለችኝ ተማሪ አለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ንግድ ፈቃድ ማውጣት አይደለም፤ ትልቅ ምጣድ መግዛትም አይደለም። ሠፈሯ ያለ አንድ ካፌ ገብታ በቀን ስንት እንጀራ፣ በስንት ብር እንደሚገዛ መጠየቅ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ ቀጣዩን ሥራ ይነግራታል። እንግሊዝኛ ለሚሉትም ያው ነው። የነገውን ስብሰባ አስባችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ቤተሰቡ ይስቅ፣ ይለምደዋል።

አንድ ቀን ቢያመልጠንስ? ልማድ በ21 ቀን ይያዛል ሲባል ሰምታችኋል። ዩቲዩብ ላይ የማይለው የለም። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ግን 96 ሰዎችን ተከታትለው ሌላ ነገር አገኙ። አማካዩ 66 ቀን ነው። ልዩነቱም ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይደርሳል። ስለዚህ በ21ኛው ቀን ካልለመዳችሁት ራሳችሁን "እኔ አይሆንልኝም" አትበሉት። ከዚያው ጥናት የምወደው ሌላ ግኝት አለ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አላበላሸውም።

እዚህ ላይ ከዕቁቡ እንለያያለን። ዕቁብ ያሳለፈ ሰው ይከፍላል። የእኛ ጥናት ግን ውዝፍ የለውም። ያመለጣችሁን 20 ደቂቃ ነገ 40 አታድርጉት፤ ከነገ ወዲያ 60 ይሆንና ትሸሹታላችሁ። የትናንቱ ቀርቷል። የዛሬውን ገጽ ክፈቱ።

ከዕቁብ የሚቀረን ዳኛው ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ ተደራጁ። እሑድ ማታ እያንዳንዱ የሠራውን ጥያቄ ፎቶ አንስቶ ይላክ። ያልሠራም "አልሠራሁም" ብሎ ይጻፍ፤ ምክንያት አይጠየቅም። ይሉኝታ በዚህ አገር ስንቱን ነገር እንዳበላሸብን አውቃለሁ። ከአቅማችን በላይ አስደግሶናል፣ የማንከፍለው ብድር ውስጥ አስገብቶናል። እዚህ ላይ ግን ለአንድ ጊዜ እንኳ ይሥራልን።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። ትልቅ ግብ ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ አይሞላም። እዚህ መካከል በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ወር ሳያዛንፍ የቆጠበ ሰው ሊኖር ይችላል። የሚጠበቅበትን አድርጓል። ቤት ግን እስካሁን ያልደረሰው ብዙ ነው። ይህን ሰው "ግብህን ቆራርጠው" ብንለው ስድብ ይሆንበታል። የኪራይን ጣጣ 20 ደቂቃ አይፈታውም፣ የኑሮ ውድነትንም እንዲሁ። ስለዚህ ስትቆርጡ በእጃችሁ ያለውን ከሌለው ለዩ። ሥራ መቀጠር በእጃችሁ የለም፤ በሳምንት ሁለት ማመልከቻ ማስገባት አለ። ፈተናው ምን ዓይነት ጥያቄ ይዞ እንደሚመጣ በእጃችሁ የለም፤ የዛሬዎቹ አምስት ጥያቄዎች አሉ። በእጃችሁ ባልነበረው ነገር ራሳችሁን አትውቀሱ። በእጃችሁ ባለው ደግሞ ሌላ ሰው አትውቀሱ።

አሁን ወደ ሥራ። ወንበራችሁ ላይ ቁራጭ ወረቀት አግኝታችኋል። ስም አትጻፉበት። ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፤ የምትጀምሩበትን ኮርስ፣ በቀን ውስጥ ከየትኛው ድርጊት ቀጥሎ እንደምታነቡ፣ እሑድ ማታ ማን እንደሚጠይቃችሁ። ሦስተኛውን ለመሙላት ጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ስልክ መለዋወጥ ያስፈልጋል። አምስት ደቂቃ አላችሁ። ወረቀቱን አልሰበስብም፤ ይዛችሁት ሂዱ። የኮርሶቹ ዝርዝር በየትምህርት ክፍሉ በሩ አጠገብ ተለጥፏል፤ ስትወጡ ፎቶ አንሱት። ሻይና ዳቦ ከኋላ አለ፤ ልጅ የያዛችሁ ቅደሙ።

አመሰግናለሁ።