ታክሲ የማያደርሰን ሜክሲኮ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ሜክሲኮ እንሄዳለን። ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው የሞላ!» እያለ የሚጠራት ሳትሆን ዋናዋ፣ ሜክሲኮ ሲቲ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አደባባያችን ስሙን ያገኘው እንዲሁ አይደለም። ጣሊያን ስትወረን፣ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሄደው ጎብኝተዋታል። እነሱም ከተማቸው ውስጥ የኢትዮጵያ አደባባይ አላቸው፤ እዚያው ያለው የሜትሮ ጣቢያም የእኛን ስም ይዟል፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ። ደስ አይልም? እኔ ግን ሰሞኑን የምብሰለሰለው በሌላ ነገር ነው። ከተማዋ እየሰመጠች ነው። አንዳንዱ ሰፈር በዓመት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አንድ ክንድ በሉት።

መነሻው ሩቅ ነው። አዝቴክ የምንላቸው ሰዎች በ1325 ገደማ ቴክስኮኮ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ቴኖችቲትላን የምትባል ከተማ ቆረቆሩ። ሐይቁ ጨዋማ ስለነበር የሚጠጣውን ከቻፑልቴፔክ ምንጭ በቦይ ያመጡ ነበር። ለእርሻ ደግሞ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ጭቃና ቅጠላ ቅጠል እየከመሩ መደብ ይሠራሉ፤ ቺናምፓ ይባላል። አፈሩን ሥሩ እንዲይዝላቸው ዳር ዳሩን ዛፍ ይተክላሉ። ከውኃው ጋር ተስማምተው ነበር የሚኖሩት።

ስፔኖች በ1521 ከተማዋን ያዙና በፍርስራሹ ላይ የራሳቸውን ሠሩ። ውኃውን ግን አልቻሉትም። በ1607 ኤንሪኮ ማርቲኔዝ የሚባል መሐንዲስ ተራራ አስቦርቡሮ ውኃውን ማስወጣት ጀመረ፤ በ1629 የመጣው ጎርፍ ግን ከተማዋን አምስት ዓመት ያህል ውጦ ያዛት። እና ምን አደረጉ? ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ። በ1900 ፕሬዚዳንቱ ፖርፊሪዮ ዲያዝ ትልቁን የፍሳሽ ቦይ መርቆ ከፈተ።

ሐይቁ ሲሄድ ጥሙ አልሄደም። ሕዝቡ በበዛ ቁጥር ከሥር በጉድጓድ የሚሳበውም ውኃ በዛ። ከተማዋ የተቀመጠችበት የሐይቅ ሸክላ ውኃ ያዘለ ነው፤ ሲሳብ ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያለውም አብሮ ይወርዳል። በ1910 የተመረቀው የነጻነት መልአክ ሐውልት መሠረቱ ጥልቅ ስለሆነ ባለበት ቀረ፤ መንገዱ ግን ከሥሩ ሸሸ። መውጫ እንዲሆን 14 ደረጃ ተጨመረለት!

ካቴድራሉ ደግሞ አንዱ ጎኑ ከሌላው ይበልጥ ሰመጠ። በ1990ዎቹ መሐንዲሶቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የሰመጠውን ማንሳት ትተው፣ ካልሰመጠው ጎን ሥር አፈር እየዛቁ እሱንም አወረዱት። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከጉልላቱ የተንጠለጠለ ቱንቢም አለ፣ ግንበኞች የሚይዙት ዓይነት፣ ግን ግዙፍ፤ ሕንፃው ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ወለሉ ላይ ያሳያል።

ትልቁ ቦይስ? መሬቱ ሲሰምጥ ቁልቁለቱ ጠፋና ፍሳሹን በፓምፕ መግፋት ግድ ሆነ። ከሚጠጣው ውኃ ደግሞ አንዱ ክፍል ኩትዛማላ ከሚባሉት ግድቦች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ተገፍቶ ነው የሚገባው። የክረምቱን ጎርፍ በኤሌክትሪክ እያስወጡ፣ የሚጠጣውን በኤሌክትሪክ እያስገቡ! እንዲያም ሆኖ ኢስታፓላፓ በሚባለው ወረዳ ውኃ በፈረቃ ነው፣ ቦቴ ይጠበቃል። ለአዲስ አበባ ሰው ይሄንን አላብራራም።

እኔን የሚገርመኝ፣ በደቡብ በኩል ሶቺሚልኮ ላይ ቺናምፓዎቹ ዛሬም ይታረሳሉ። ገበሬው ከቦዩ ሥር ጭቃ ያወጣል፣ መደብ ላይ ያሰጣዋል፤ ጠንከር ሲል በትናንሹ አራት ማዕዘን ይቆራርጠውና በየቁራጩ ላይ ዘር ይጥላል። ችግኙ ሲደርስ ከነጭቃው አንስቶ ይተክለዋል። ጎብኚው እዚያ የሚሄደው ባለቀለም ጀልባ ላይ በሙዚቃ ሊጨፍር ነው። እኔ ብሄድ ጭፈራውን ለናንተ ትቼ ጭቃው ጋ ነው የምውለው። ቪዛውን ብቻ ጸልዩልኝ። ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው!