አራዳ ዶሮ፣ ፋራ ዶሮ፦ ግቢ ለቅቆ ለማርባት የትኛዋ ትሻላለች?

ሰላም ሰላም ወገኖች! ዛሬ ዶሮ ነው። ወጡ አይደለም፣ ወጡ ይቆየን፤ በቁሟ ያለችው ዶሮ።

ባለፈው ቪዲዮ ስር «ግቢ አለኝ፣ ለቅቄ ነው የማረባው፣ የትኛውን ዝርያ ልግዛ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ጥሩ። ግን ወዲያው አስከትላችሁ «ስንት እንቁላል ትጥላለች?» ትላላችሁ። ጭልፊት የወሰዳት ዶሮ ስንት ትጥላለች? ዜሮ! በቃ፣ ዜሮ።

ይህን የተማርኩት በገዛ ገንዘቤ ነው። ሃያ ቦቫንስ፣ ያቺን ብዙ እንቁላል የምትጥል የውጭ ዝርያ፣ ገዝቼ፣ ሳር ይብሉ፣ ፀሐይ ይሙቁ ብዬ ለቀቅኳቸው። በአንድ ሳምንት ሦስቱ ሄዱ። በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ።

እንዲህ አስቡት። ከውጭ የመጣ የአክስታችሁ ልጅ አለ። ጎበዝ ነው፣ ታታሪ ነው። መገናኛ ስታወርዱት ግን ስልኩን ፊቱ ላይ ዘርግቶ፣ ካርታ እያየ፣ መሀል መንገድ ይቆማል። ላፍ! ስልኩ የለም። እሱ አሁንም «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያለ ነው። የሰፈር ልጅስ? ስልኩ የፊት ኪሱ ውስጥ፣ እጁ ኪሱ ላይ፣ ዓይኑ አላፊ አግዳሚው ላይ። ሥራ ላይ ያን ያህል ላይሆን ይችላል፣ ግን ስልኩ አለ! (ውጭ ያላችሁ ተመልካቾቼ አትቀየሙኝ፣ እወዳችኋለሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ።)

ቦቫንስ የአክስታችሁ ልጅ ናት። ከማሽን የተፈለፈለች፣ የእናት ክንፍ የማታውቅ፣ ጣሪያ እያየች ያደገች። ፋራ ናት፣ አትፍረዱባት። አሁን ደግሞ የሰፈሯን ልጅ፣ እናቴ የሰጠችኝን ገብስማ የሀበሻ ዶሮ እዩልኝ።

[ምስል፦ ገብስማዋ ጥሬ ስትለቅም፣ ቀረብ ተብሎ]

ትጭራለች፣ ትለቅማለች፣ ቀና። ትጭራለች፣ ቀና። አሁን አንገቷን ወደ ጎን ስትጥል አያችሁ? ማሰቧ እንዳይመስላችሁ፣ በአንድ ዓይኗ ሰማዩን እየቃኘች ነው። ከላይ የሚመጣ ካለ ስስ፣ ረዘም ያለ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ታሰማና ቁጥቋጦ ስር ጥልቅ ትላለች። ውሻ ወይም ድመት ከሆነ ግን ድምፁ ሌላ ነው፤ ቋ ቋ ቋ ብላ ሰፈሩን ታምሰዋለች። ለላይ አንድ፣ ለታች አንድ። አራዳ ናት አልኳችሁ!

እሺ፣ ዝርያዎቹን ቶሎ ቶሎ እንበል፣ መሠረታዊውን ታውቁታላችሁ። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል፣ ትታቀፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች። ቦቫንስ ሙሉ መኖ ካገኘች ወደ 300፣ ግን ቤት ውስጥ ትቀመጥ። ሳሶ የፈረንሳይ ናት፣ ሥጋዋ ጥሩ፣ ለሩጫ ግን ከባድ። ኮኮክ የደቡብ አፍሪካ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ለግቢ ጥሩ መሀል ሰፋሪ። ፋዩሚ ከግብፅ፣ ትንሽ፣ በራሪ፣ አጥር የማይዛት። እኔን ከጠየቃችሁ ኮኮክና ጥቂት የሀበሻ ቀላቅሉ። ነጭ ዶሮ ለቅቆ ለማርባት አልወድም፣ ጭልፊት ከሩቅ ነው የሚለያት። ጫጩት ከሆነ ደግሞ የአንድ ቀኑን ትታችሁ የ45 ቀኑን ግዙ።

አሁን ወደ ሸለምጥማጥ ልገባ ነበር፣ ግን አንድ ነገር አላስኬደኝም። በየቪዲዮው ስር «ሸለምጥማጥ ደም ብቻ ነው የሚጠጣው፣ ሥጋ አይበላም» ይባላል። አንዱ ተመልካች ዘጠኝ ዶሮ በአንድ ሌሊት ሞቶበት፣ አንዱም ሳይበላ፣ መሬቱ ላይ ደም የለም፣ «ካልጠጣው ደሙ የት ገባ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ደም አይመጥም! ሸለምጥማጥ ሥጋ በል ነው፤ አይጥ ይበላል፣ ወፍ ይበላል፣ ያንተንም ዶሮ ይበላል። አንገት ወይም ጭንቅላት ነክሶ ነው የሚገድለው። ዶሮ ደግሞ ሲመሽ ዳፍንታም ናት፤ ቆጥ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። አንዷ ስትሞት ሌሎቹ ይንፈራገጣሉ፣ መውጫ የለም፣ እሱም የሚንቀሳቀስ ባየ ቁጥር ይነክሳል። ዱር ቢሆን አንዷን ሲይዝ ሌሎቹ በረው ያመልጡ ነበር። ደሙስ? ንክሻው ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ሰውነቷ ውስጥ ይረጋል። ደም መጣጭ አይደለም፣ ግርግር ያገኘ አውሬ ነው። ሌላ ቪዲዮ ስር «ደም» እንዳላይ!

ስለዚህ ቤቱ። ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። ያ ቀዳዳው ሰፊ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት እንጂ ሌባውን ከመግባት አይከለክልም፤ ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም የማይሰፋ፣ ጠንካራውን ግዙ። አጥሩን 30 ሳንቲሜትር ያህል ቅበሩት፣ የሚቆፍር አለና። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን ክፍተት ድፈኑ፣ ሸለምጥማጥ ግድግዳ ይወጣል። ለቀን ደግሞ ጥላ፦ ቡና፣ ጌሾ፣ እንሰት፣ ምንም ይሁን፣ ዶሮዋ የምትገባበት ይኑር። ሜዳ ግቢ ለጭልፊት ገበታ ነው። ጫጩት ያላት እናት ካለች አያቶቻችን እንደሚያደርጉት እንቅብ ድፉባቸው፣ አየር ብቻ ይግባ። መርዝ ግን በፍጹም! የጎረቤት ውሻና አሞራ ነው የምትጨርሱት።

ስለ ፈንግል በሽታ ክትባት ሌላ ቪዲዮ አለኝ፣ እሱን እዩት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ልዝጋባቸው።

[ምስል፦ የዶሮ ቤቱ በር]

አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት... ገብስማዋስ? ገብስማዬ? ኧረ ያቻትና፣ ዛፍ ላይ! ቆይ፣ ካሜራውን ያዝልኝ።