የጤና ቡድን መምራት የት ይለመዳል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ሆኜ በመንግሥት ጤና ተቋማት ውስጥ ስላሉ ኃላፊዎችና ስለ ቡድኖቻቸው ማውራት እፈልጋለሁ።

በብዙ ቦታ አንድ ሰው ለኃላፊነት የሚታጨው ጥሩ ነርስ፣ ጥሩ ሐኪም ወይም ጥሩ አዋላጅ ስለሆነ ነው። በተሾመ ማግስት ግን የሚጠብቀው ሌላ ሥራ ነው፤ የዘገየ የመድኃኒት ጥያቄ፣ የማይነጋገሩ ሁለት ባልደረቦች፣ ቀኑ የደረሰ ሪፖርት። ይህን ማንም አላስተማረውም። ክፍተቱ ሲታወቅ ደግሞ መፍትሔው የተለመደ ነው፦ አንድ ሰው ተመርጦ ለአምስት ቀን አዳራሽ ይገባል፣ ሰርተፍኬት ይዞ ይመለሳል። የሰማው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተመለሰው ያንን ካልሰሙ ሰዎች መሐል ነው፣ ብቻውን። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም።

እኔ አጥብቄ የማምነው፣ ማስተዳደርና መምራት የሚለመደው አብሮ የሚሠራ ቡድን የራሱን አንድ ችግር ይዞ፣ በራሱ ቁጥር እየለካ ለወራት ሲቆይበት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በግብፅ አስዋን የተጀመረው የአመራር ልማት መርሐ ግብር የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሐኪሙም ነርሱም ከአንድ ተቋም እንደ ቡድን መጡ፤ በአውደ ጥናቶቹ መካከል ወደ ሥራቸው እየተመለሱ ራሳቸው የመረጡትን ችግር ተጋፈጡ። የውጭ ገንዘቡ ካለቀ በኋላም ሥራውን ያስቀጠሉትና ወደ ሌሎች ተቋማት ያደረሱት እዚያው ያሉት ባለሙያዎች ናቸው። በገንዘብ ብቻ የቆመ ነገር እንዲህ አይቀጥልም።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው? ከቡድኑ እንጀምር። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። የሚመረጡት በማዕረግ ሳይሆን ሥራው በእጃቸው ስለሚያልፍ ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛውንና የፋርማሲ ባለሙያውን ያልያዘ ቡድን ግማሹን ችግር አያየውም። ሁለት ቀን ይሠለጥናሉ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይሠራሉ፣ ተመልሰው ያዩትን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ይህ እየተደጋገመ በድምሩ ስድስት ወር ያህል ይወስዳል። በመሐል የሚያግዝ አሰልጣኝ ቢያንስ በወር አንዴ ሥራቸው ቦታ ድረስ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ሕፃናትን ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው የፔንታ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል እንበል። በአንድ ጤና ጣቢያ ሪፖርት መሠረት 120 ሕፃናት የመጀመሪያውን ወስደዋል፣ 90ዎቹ ሦስተኛውን አጠናቀዋል። ልዩነቱ 30 ነው፤ ለ120 ሲካፈል የማቋረጥ መጠኑ፣ ማለትም ጀምረው ያልጨረሱት ድርሻ፣ 25 በመቶ ይሆናል። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ እንደ ችግር ይያዛል።

ግን ወደ መፍትሔ ከመሮጣችሁ በፊት መዝገቡን ክፈቱ። ሪፖርቱ የሸፈነውን ጊዜ ለይታችሁ በእጃችሁ ቁጠሩ፤ ከመዝገብ ያገኛችሁትን ሪፖርት ለተደረገው አካፍሉ። ውጤቱ ከ0.9 እስከ 1.1 ከሆነ መረጃው ያስኬዳል። አሁን የመጀመሪያው ዙር 120 ሆኖ ተገኘ፣ ሦስተኛው ግን በመዝገቡ 72 ብቻ ነው እንበል። 72 ለ90፣ 0.8። መዝገቡ ትክክል ከሆነ እውነተኛው የማቋረጥ መጠን 40 በመቶ ነው ማለት ነው።

የኃላፊው ፈተና እዚህች ደቂቃ ላይ ነው። «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ ከጀመረ፣ በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ አምሮ ይመጣል፣ ሕፃናቱ ግን አይመጡም። መጠየቅ ያለበት «ቁጥሩ በማን በማን እጅ አልፎ እዚህ ደረሰ?» ብሎ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ውሸት አይደለም፤ ከጤና ጣቢያው ውጭ የተሰጠ ክትባት በታሊ (በጭረት መቁጠሪያ) ወረቀት ተቆጥሮ መዝገብ ላይ ሳይወርድ ይቀራል፣ ወይም አንዱ ወረቀት ሁለት ጊዜ ይደመራል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚስተካከለው የመረጃው ፍሰት ነው።

ቁጥሩ ከታመነ ግብ ይጻፋል። «አቋራጮችን መቀነስ» ግብ አይደለም። «በስድስት ወር ውስጥ የማቋረጥ መጠኑን ከ40 ወደ 20 በመቶ ማውረድ» ግን ግብ ነው፤ ማን እንደሚለካውም አብሮ ይጻፋል።

ከዚያ «ለምን» መጠየቅ ነው፣ ደጋግሞ። ዘዴው የመጣው ከቶዮታ ፋብሪካ ነው። እናቶች ለምን አልተመለሱም? አንዳንዶቹ መጥተው ሰልፉን አይተው ሄደዋል። ሰልፉ ለምን በዛ? ክትባት የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ። ለምን አንድ ቀን ብቻ? ብልቃጡ ተከፍቶ እንዳይባክን። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ብዙ ቡድን «እንዲያ ነው አሠራሩ» ብሎ የሚያልፈው። የኩፍኝና የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ብልቃጥ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ወይም የክትባቱ ክፍለ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ካበቃ ያኔ፣ ይወገዳል። ባለ ብዙ ዶዙ ፈሳሽ ፔንታ ግን ሌላ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ለዚህ የተፈቀደ ምርት ከሆነ፣ የአገልግሎት ጊዜው ካላለፈ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ከተቀመጠና የብልቃጡ የሙቀት ምልክት ከመወገጃው ደረጃ ካልደረሰ፣ ከተከፈተ በኋላ እስከ 28 ቀን ይሠራል። ለሁለቱ ክትባቶች የወጣው ጥንቃቄ በልማድ ለሁሉም ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው። ፔንታን በየቀኑ ለመስጠት አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የተከፈተበት ቀን ብልቃጡ ላይ ተጽፎ፣ ማቀዝቀዣው በትክክል ከተጠበቀ ይበቃል።

«በጀት የለም፣ ሰው የለም» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አልክደውም። ነገር ግን የመጀመሪያው መልስ እሱ ከሆነ ጥያቄው እዚያው ይሞታል። ስለዚህ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ አንድ የተወሰነ ጥያቄ አድርጋችሁ ወደ በላይ ላኩት፣ ከዚያ በእጃችሁ ወዳለው ተመለሱ።

የድርጊት መርሐ ግብሩ አጭር ይሁን። ከሦስት ሥራ በላይ አትያዙ። በአንዱ ሥራ ፊት አንድ ስም፣ አንድ ቀን። «የሚመለከታቸው አካላት» የሚል ዓምድ ያየሁ እንደሆነ ሥራው እንደማይሠራ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ማንም ራሱን እዚያ ውስጥ አያገኝም። በምሳሌያችን ሦስቱ ሥራዎች፦ ፔንታን በየቀኑ መስጠት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ካርዱ ላይ ጽፎ ለእናት ደግሞ በቃል መንገር፣ ቀጠሮ ካለፋቸው ሁለት ሳምንት የሞላቸውን በየሳምንቱ ከመዝገብ አውጥቶ መፈለግ።

ለውጡን በወር አንዴ ብቻ ከለካችሁ ስድስት ነጥብ ለማግኘት ግማሽ ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ «ቀጠሮ ከነበራቸው ሕፃናት በመቶ ስንት መጡ?» ብላችሁ ቁጠሩ፣ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተሣለ ግራፍ ላይ ነጥቡን አስቀምጡ። ካለፉት ሳምንታት መካከለኛው ቁጥር ላይ አግድም መስመር አስምሩ። አንድ ነጥብ ከፍ ሲል አትጨብጭቡ፣ ዝቅ ሲልም ሰው አትቆጡ። ስድስት ነጥብ በተከታታይ ከመስመሩ በአንድ ወገን ከዋለ ያኔ የእውነት ለውጥ ነው።

ስብሰባው 45 ደቂቃ ይበቃዋል። የመጀመሪያው አጀንዳ ሁልጊዜ ያለፈው ውሳኔ ነው፤ ተሠርቷል፣ አልተሠራም፣ ምን ያዘው። ቃለ ጉባኤው ግማሽ ገጽ። ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይናገር፤ እሱ ቀድሞ ሐሳቡን ከሰጠ ሌላው ያንኑ ያጸድቃል፣ በተለይ ጀማሪ ባለሙያዎች።

ስለ ድጋፋዊ ክትትል ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጥረት የሚበላሸው እዚያ ነው። ተቆጣጣሪው ረጅም ቼክሊስት ይዞ ይመጣል፣ «አለ» «የለም» እያለ ይሞላል፣ ይሄዳል። ቡድኑ የሚማረው ፈተና ማለፍ ነው። ከመምጣቱ በፊት ያለፈውን ጉብኝት መዝገብ ቢያነብ፣ ደርሶ አንድ መዝገብ ከባለሙያው ጋር ጎን ለጎን ቢያይ፣ ሲወጣም ሦስት ነገር ቢጽፍ ይሻላል፦ ምን ተስተካከለ፣ ምን ቀረ በማን እጅ፣ እኔ ለእናንተ ምን አደርጋለሁ። ሦስተኛው ነው የሚረሳው። የማቀዝቀዣ ጥገና ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ያላገኘ ቡድን በአራተኛው ችግሩን አይናገርም፤ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን ዝምታ ደህንነት አድርጎ የሚወስድ የበላይ አካል አደጋውን የሚሰማው ክትባቱ ከተበላሸ በኋላ ነው።

የመጨረሻው የዝውውር ጉዳይ ነው። በአራተኛው ወር ኃላፊው ሊቀየር ይችላል፤ ይህ ያጋጥማል፣ ማስቀረትም አይቻልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ስብሰባውን ምክትሉና ሌሎቹም በተራ ይምሩት። በርክክብ ሰነዱ ላይ ወንበሩ፣ መኪናው፣ ማኅተሙ ይዘረዘራሉ፤ አንድ ገጽ ጨምሩበት። ግቡ፣ ግራፉ፣ የተገኙት መንስኤዎች፣ የትኛው ሥራ በማን እጅ እንዳለ፣ ተሞክሮ ያልሠራውና ለምን እንዳልሠራ። ይህ የመጨረሻው መስመር ባዶ አይቅር፤ ከቀረ አዲሱ ኃላፊ ያንኑ እንደ አዲስ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፣ ቡድኑም አክብሮት ይዞት ዝም ይላል።