ስለ ሮጀር ሸርማን መጽሐፋችንና ስለ አንዲቱ ገጽ፦ የሊቀ መንበሩ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የንባብ ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውንም ላፈሉልን እኅቶቻችን ምስጋናዬ ከልብ ነው። በዓመቱ ዘጠኝ ጊዜ ተሰብስበናል፤ ኒው ሄቨን ወርደን ከአሜሪካ መንግሥት መሥራቾች አንዱ የሆነውን የሮጀር ሸርማንን መቃብር አይተናል፤ ስለ ሕይወቱ በአማርኛ ያዘጋጀነውን ትንሽ መጽሐፍ ረቂቅም ጨርሰናል። መጽሐፉ ግን አልታተመም። ለማተሚያ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ መጉደሉ እውነት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ግን አንዲት ገጽ ናት።

ሸርማንን የመረጥነው ከታች ተነሥቶ ራሱን ያስተማረ ሰው ስለሆነ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1743 ኮኔቲከት ውስጥ ወደምትገኘው ኒው ሚልፎርድ የመጣው ጫማ ሰፊ ሆኖ ነው። መሬት ቀየሰ፤ ነገደ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ በ1754 ጠበቃ ሆነ፤ በዓመቱም ለቅኝ ግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጠ። የ1774ቱን የአህጉራዊ ማኅበር ስምምነት (ቅኝ ግዛቶቹ ከብሪታንያ ጋር ላለመነገድ የተስማሙበትን)፣ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ፣ የኮንፌዴሬሽኑን አንቀጾች (የመጀመሪያውን የኅብረት ሕግ) እና ሕገ መንግሥቱን፣ አራቱንም የፈረመ እርሱ ብቻ ነው። ይህን በሌሊት ፈረቃዬ ላይ ሳነብ እንባ ተናንቆኝ ነበር።

ይኸው ሰው ግን በነሐሴ 1787 ፊላዴልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱን በሚያረቅቀው ጉባኤ የባሪያ ንግድ ነገር ሲነሣ፣ ንግዱን እንደማይወድ ከተናገረ በኋላ ጉዳዩ እንዳለ ቢተው ይሻላል አለ። የደቡቦቹ ግዛቶች ከኅብረቱ እንዳይወጡ ሰግቶ ነው። እኛ የአፍሪካ ልጆች ይህችን ገጽ ምን እናድርጋት? ከፊሎቻችሁ «ትውጣ፣ ሰውየውን አናዋርደው» አላችሁ። ከፊሎቻችሁ «እንዲህ ካለ መጽሐፉ ራሱ ይቅር» አላችሁ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ሸርማን ያንን ቃል የተናገረው መዝኖ ነው፤ አንባቢያችንም የጥብቅና ፈቃዱን ያገኘበትን ቀንና ያንን ቃል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት አለበት።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ ስትከራከሩኝ የነበራችሁ ወንድሞች ዛሬ የላችሁም። ወንበሮቻችሁን ከዚህ ሆኜ እቆጥራለሁ። ሸርማን በ66 ዓመቱ፣ ሰኔ 11 ቀን 1787፣ በዚያው ጉባኤ፣ በሁለተኛው ምክር ቤት (ኋላ ሴኔት በተባለው) ለግዛቶች ሁሉ እኩል ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቀ፤ 6 ለ5 ተሸነፈ። ኮርቻውን ጭኖ አልሄደም። በተሸነፈበት አዳራሽ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ደጋግሞም ተናገረ፤ ሐምሌ 16 ቀን ሐሳቡ 5 ለ4 አለፈ። እናንተ ግን ገና ድምፅ ሳይሰጥ ቀራችሁ!

የመጣችሁ ሆይ፣ የረቂቁ ቅጂ በር ላይ አለ፤ ገጿ 31ኛዋ ናት። ከምሳ በፊት አንብቧት፤ ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። የቀሩትን የምታውቁ አሁኑኑ ደውሉላቸው፤ እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቃቸዋለሁ።