አጓቱን ከመድፋታችን በፊት
(ለደብረ ብርሃን አካባቢ ወተት አምራቾች የተዘጋጀ ንግግር)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። ጾም ሲገባ ወተት ገዢ ይቀንሳል፤ ላሚቱ ግን ጾም አታውቅም። ስለዚህ ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው እሳት ላይ ይጣድና አይብ ይሆናል። አይቡ ሲለይ የሚቀረው ውሃ፣ አጓቱስ? ለጥጃ የሚያጠጣ አለ፣ ለውሻ የሚሰጥ አለ፤ ብዙው ግን ደጅ ይደፋል። ዛሬ ከዚሁ አጓት መጠጥ እንዴት እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ።

አጓት 93 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። በቀረው ውስጥ ግን የወተቱ ስኳር፣ ካልሲየምና ጥቂት ፕሮቲን አለ። በብዛት ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ተህዋስያን ይህንኑ ስኳር እየበሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ስዊዞች ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪቬላ የሚባል ለስላሳ መጠጥ ከአጓት እየሠሩ ይሸጣሉ። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች ደግሞ አጓትን አብላልተው ብላንድ የሚሉትን መጠጥ ሲጠጡ ኖረዋል።

ወደ ሥራው ልግባ። ብዙ ሰው አጓቱን ጠርሙስ ውስጥ ቢተወው በራሱ የሚብላላ ይመስለዋል። የአይብ አጓት ግን እሳት አይቷል፤ ከእርጎው የመጡት ጠቃሚ ተህዋስያን አብዛኞቹ አልቀዋል። ዝም ብላችሁ ብትተዉት ቦታውን የሚይዘው ከአየርና ከዕቃ የመጣ ያልተፈለገ ነገር ነው። ስለዚህ ሕይወቱን እናንተው ትመልሱለታላችሁ።

አጓቱን በጨርቅ አጥልላችሁ አንድ ጊዜ አፍሉት። ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ተህዋስና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ይህን አትዝለሉ። ጣት የሚችለው ያህል ለብ ሲል፣ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምሩ፤ እርጎው ራሱ ከተፈላ ወተት የረጋ ይሁን። ንጹሕ ጨርቅ አልብሳችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሩት። በኛ ብርድ ሁለት ቀን ቢፈጅ አትደነቁ። ኮምጠጥ ሲል ደርሷል፤ እንዲሁ ቀዝቅዞ ይጠጣል።

እንደ አምቦ ውሃ አፍንጫ የሚነካ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። የዳቦ እርሾ የወተትን ስኳር አይበላም። አጓት ውስጥ እርሾ ብቻ ጨምረው ጋዝ አጣን የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው። ለሊትሩ ሁለት ማንኪያ ማር፣ ተከትክቶ የተጨመቀ ዝንጅብልና ቁንጥር እርሾ ጨምሩ፤ እርሾው የሚበላው ማሩን ነው። ማሩን ካበዛችሁ አልኮሉም ይበዛል። ትንሽ ስትጨምሩም ጨርሶ አይጠፋውምና ለሕፃናት አትስጡ።

ኮረሪማ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔም እወደዋለሁ። በወይራ የታጠነ ቅል ግን ለእርጎ እንጂ ለዚህ አልመርጠውም። ጢሱና ዝንጅብሉ ይጣላሉ፤ ቅሉም ከውስጥ በደንብ አይታጠብም።

በመስታወት ጠርሙስ አትክደኑት፤ ጋዙ ሲበዛ ይፈነዳል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠቀሙ፣ አፉ ላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ተዉ። ጠርሙሱን በእጃችሁ ስትጫኑት አልጎደጉድ ካለ ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ አስገቡትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠጡት። ሻጋታ ካያችሁበት፣ ከተዝለገለገ ወይም ሽታው ካላማራችሁ፣ ያን ጊዜ ድፉት።

ለቅምሻ ያመጣኋቸው ጠርሙሶች በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ስትከፍቱ ክዳኑን ቀስ እያላችሁ፣ ፊታችሁንም ዞር አድርጋችሁ ይሁን።