ግራፉ ይላካል፣ ነፊው ግን እናንተ ፊት ነው

እንደምን አደራችሁ! ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ ብርዱን ቻሉት፤ ደሴ ናት።

የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናችሁና በቀጥታ ልግባ። ከመቀነታቸው የአየር ቧንቧ መክፈቻው ቬንቶሊን የማይጠፋ እናት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን በኩበት እንጀራ ጋግረዋል። ደረታቸው ሲደመጥ ሲር ሲር ይላል። አስም ነው? ወይስ ጭሱ የአየር ቧንቧቸውን አጥብቦት ቀርቷል? ይህን በማዳመጫ ብቻ መለየት ይከብዳል። ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም በመሣሪያ ትንፋሽን መለካት፣ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ታማሚው ሳንባው እስኪሞላ ይስባል፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ መሣሪያው ውስጥ ይነፋል። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው አየር ለጠቅላላው ይካፈላል። ቬንቶሊን ወስዶ፣ 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶም ውጤቱ ከ0.70 በታች ከሆነ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ማለት ነው። የቀረውን ስፔሻሊስቱ ከታማሚው ታሪክ ጋር አገናዝቦ ይፈርዳል። እሱ በየጤና ጣቢያው ስለሌለ የትንፋሹን ግራፍ በስልክ አፕሊኬሽን እንልክለታለን። ኔትወርክ ከጠፋም ማታ ይላካል።

የሚያስቸግረን አነፋፉ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የላክሁት ግራፍ «አይነበብም» ተብሎ ተመልሶልኛል። እናትየው ገና በሁለተኛው ሰከንድ አቋርጠው ነበር። እኔ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ፣ በአፋቸው ዳር አየር ሲያመልጥ እንኳ አላየሁም። በማግስቱ ወንበሬን ወደ እሳቸው አዞርኩ። መጀመሪያ እኔ ነፍቼ አሳየኋቸው፤ ፊቴ ሲቀላ ሳቁብኝ። ከዚያ «ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ! አብሽሩ፣ ገና ነው፣ ይጨርሱት!» ጩኸቴ ካርድ ክፍል ድረስ ተሰማ። 6 ሰከንድ ሞላ። 3 ደህና ትንፋሽ እስክናገኝ፣ አረፍ እያሉ 5 ጊዜ ነፉ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ አፕሊኬሽኑ ብዙ አናወራም። እሱን ልጆቻችሁም ያሳዩአችኋል። የምትለማመዱት መጮህ ነው።

ሳልረሳው፦ መሣሪያው ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ የክፍሉን ሙቀትና የአየር ግፊት እንደገና አስገቡለት፤ የከፍታውና የሙቀቱ ልዩነት ቁጥሩን ያዛባዋል። ጠዋት ጠዋት 3 ሊትር አየር በሚይዘው ሲሪንጅ ልኩን ፈትሹት። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ለቲቢ ይመርመር፤ ሳይጣራ እንዳይነፋ።

በሉ፣ ሻዩ ቀርቧል። ከሻይ በኋላ የመጀመሪያው ነፊ እኔ ነኝ። አፍንጫዬን ቆንጥጡና ጩኹብኝ።