የምንፈታው ጾም፣ የምንቆርሰው ዳቦ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ውጭ ይዘንባል፤ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

በፍልሰታ የእህቴን ልጅ እንግሊዝኛ ሳስጠናት ነበር። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ትገባለች። ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ መዝገበ ቃላት አለን። «ቢ» ፊደል ላይ ጣቷን እያስኬደች ወረደች። ብሬድ፣ ብሬድዊነር፣ ብሬክ፣ ብሬክፋስት። ጎረቤታሞች ናቸው።

ብሬድዊነር ላይ ቆመች። «ዳቦ አሸናፊ ማለት ነው?» አለችኝ። ቃል በቃል ከሆነ ልክ ናት። ግን ሠርቶ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ማለት ነው። «ዊን» በጥንቱ እንግሊዝኛ መልፋትና መታገልም ነበር። እንጀራ ፍለጋ ከምንለው ጋር ላገናኝላት ስል ቀደመችኝ። «እማዬ ነቻ!» እህቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ምጣዷን ትጥዳለች። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ብሬክፋስት ላይ ደግሞ «በፍጥነት ሰበረ» ብላ ጻፈች። ፋስት ፈጣን መሆኑን ታውቃለች። ጾም መሆኑን ግን የነገራት የለም። ለኔም የነገረኝ አልነበረም፤ ቁርስ ነው ተባልኩ፣ ሸመደድኩ። ይሄ ያሳዝነኛል። ድምፁም ይደብቀዋል፦ ለብቻው «ብሬይክ» የሚባለው፣ ሲጣመር ያጥራል። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚነገር ቃል ነው። ሌሊቱን ሳይበሉ ያደሩበትን ጾም ማቆም ማለት ነው።

ይሄን የምነግራት ሁለታችንም ምንም ሳንቀምስ ነው። ቅዳሴ እስኪወጣ እየጠበቅን ነበር።

እስቲ አስቡት። «ጾም ሰበረ» ቢባል ጆሯችን አይቀበለውም። ጾም ይፈታል እንጂ አይሰበርም። ያለጊዜው ከሆነ ደግሞ ይሻራል። እኛ የምንቆርሰው ዳቦውን ነው። ቁርስ፣ ቁራሽ፣ ቆራሽ፤ ሁሉም ከዚያው ከ«ቆረሰ» ናቸው። ያለወግ የወጣ ቅጽል ስም እንኳ «ዳቦ ያልተቆረሰለት» ይባላል። እንግሊዝኛው ያለፈውን ረሃብ ያያል፣ አማርኛው የቀረበውን ማዕድ። እኔ የኛው ይበልጥብኛል፤ ቁርስ ሲባል የሚቆርስ እጅ ይታየኛል።

9 ሰዓት አልፎ እህቴ ነጠላዋ በዝናብ ረጥቦ ገባች። ጸበል አቀመሰችን። ከዚያ ድፎ ዳቦውን ከእንፋሎቱ ጋር አወጣች። ኮባው ጠርዙ ላይ ጠቁሯል። አማትባ ቆረሰችና የመጀመሪያውን ለልጇ ሰጠች።

ልጅቷ ዳቦውን በግራ እጇ ይዛ እርሳሷን አነሳች። «በፍጥነት ሰበረ» የሚለውን ሰረዘችው። ከሥሩ «የሌሊቱን ጾም ፈታ» ብላ ጻፈችና፣ «እማዬ፣ ያንቺ ብሬክፋስት ግን 9 ሰዓት ነው» አለቻት።